ያሳደገው ይባረክ

አንዲት እናት ወደ አንድ አዛውንት መምህር ቀርባ፣ «የኔታ፣ አራት ልጆች አሳድጌ ዛሬ አንዱም አጠገቤ የለም። የደከምኩት ለማን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። መምህሩም መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው እንዲህ አሏት።

አንድ ገበሬ ነበረ። መሬቱ ተዳፋት ስለነበር ዕድሜውን የጨረሰው ካብ ሲክብ ነው፤ እሱ የካበውን ካብ ጎርፍ ደፍሮት አያውቅም። አንድ ልጁን ድንጋይ ማንሣት ከቻለበት ቀን ጀምሮ፣ «የሥሩን ድንጋይ አስተኛው፤ የላዩ ራሱ ቦታውን ያገኛል» እያለ አስተማረው። ልጁም አደገና ግንበኛ ሆኖ አገር ለቆ ሄደ።

በዚያ መንደር ለፋሲካ አባቶች ተሰብስበው ሲቀመጡ ልጆቻቸው ከኋላቸው ይቆማሉ። ብዙ የቆመለት ከላይ ይቀመጣል፤ ማንም ያልቆመለት በሩ አጠገብ ነው። ገበሬው አምስት ዓመት በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሰባት ልጆች ያሉት አንድ ባለጸጋ በየዓመቱ፣ «ዘንድሮም በረኛ ሆንክልን?» ይለዋል። ገበሬው አብሮ ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን እህል አይወርድለትም።

በስድስተኛው ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ አንድ ጸሐፊ ለምኖ፣ «አባትህ በጠና ታሟል፤ ሳይሞት ድረስ» የሚል ደብዳቤ አጻፈ። ሚስቱ ሰምታ፣ «ሰው እንዴት በገዛ ራሱ ላይ ያሟርታል? ልጄ እኔንም ናፍቆኛል፤ በውሸት ግን አልጠራውም» አለችው። አልሰማትም። ደብዳቤውን በኩታው ጫፍ ቋጥሮ፣ ለሩቅ አገር ነጋዴዎች ሊሰጠው ወደ ቆላው ገበያ ወረደ።

በመንገዱ ላይ በየክረምቱ ሰው የሚበላ ወንዝ ነበር። ጫማውን ሊያወልቅ ሲል አዲስ ድልድይ አየ። የሚሻገረው ሁሉ መሐል ላይ ሲደርስ ቆም ይልና፣ «ያሳደገው ይባረክ» ብሎ ያልፋል። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴትም እንዲሁ ስትል፣ «ማንን ነው የምትመርቁት?» ብሎ ጠየቃት።

«ድልድዩን የሠራውን ነዋ፣ አባቴ። ከደጋ የመጣ ልጅ ነው፤ ስሙን እንኳ በቅጡ አላውቀውም። ሌሎቹ ግንበኞች ውሃው ሲያይል ጥለውት ሲሄዱ እሱ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ‹የሥሩን ድንጋይ አስተኛው፤ የላዩ ራሱ ቦታውን ያገኛል› ይል ነበር። አባቱ ነው አሉ ያስተማረው። አሁን ደግሞ ከታች፣ ከዚህ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ፣ ሌላ ጀምሯል። ክረምቱ ሳይቀድመው ከጨረሰው እዚያም ሰው መሞቱ ይቀራል።»

ገበሬው ጎንበስ ብሎ የሥሩን ድንጋይ አየ። ድንጋዩ ተኝቷል። በየመሐሉ እሱ ራሱ እንደሚያደርገው ትንንሽ ድንጋይ ተሸጉጦበታል። ኩራት ደረቱን ሞላው፤ እንባውም መጣ። ኩታውን ፈትቶ ደብዳቤውን ቀደደና ወንዙ ላይ በተነው።

«በይ እስቲ ድገሚው» አላት።

«ያሳደገው ይባረክ» አለች።

«አሜን» አለ ገበሬው። አሜን የሚለው ተመራቂው ነውና ሴትዮዋ ዞር ብላ በደንብ አየችው።

ለፋሲካ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ባለጸጋውም እንደ ልማዱ፣ «ዘንድሮም በረኛ ነህ?» አለው።

«አዎን፣ በረኛ ነኝ። ልጄ ከኋላዬ ሊቆም ጊዜ አላገኘም፤ የቆላው ሰው ሁሉ በእሱ እጅ ይሻገራል» አለ ገበሬው። ያን ቀን ጠግቦ በላ።

መምህሩ ይህን ተናግረው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «አንቺም እንደዚያ ገበሬ ነሽ፣ ልጄ። ልጆችሽ ከኋላሽ ስላልቆሙ ድካምሽ ሜዳ የቀረ መስሎሻል። ሰው ክፉ ሲሠራ ‹አሳዳጊ የበደለው› ይሉታል፤ ደግ ሲሠራ ‹ያሳደገህ ይባረክ› ይሉታል። ስድቡም ምርቃቱም ልጁን አልፎ የሚመጣው አንቺው ቤት ነው። ይኸን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው በልጆችሽ የተነሣ ሲሰድብሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ፣ የኔታ።»

«እንግዲያው በማታውቂው አገር የመረቀሽ ብዙ ነው። እስከ ዛሬ አልመለስሽለትም።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለችና፣ «አሜን» አለች።