የትርንጎ ዓይን እስኪከፈት

ጠጋ በሉ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አጭር ነው፣ ግን አንዱ ካንዱ ይያያዛልና ጆሯችሁን አትንሱኝ።

በአንድ መንደር እንዳላማው የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ፣ እህቷ ወልዳ፣ አራስ ልታርስ ሩቅ ሄዳለች። ቤት የቀሩት እሱና የአምስት ዓመት ልጁ ትርንጎ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ትርንጎ ከእንቅልፏ ስትነቃ ግራ ዓይኗ አልከፈት አላት። በላይኛው የዓይኗ ቆብ ጠርዝ፣ ልክ ሽፋሽፍቱ ሥር፣ የገብስ ፍሬ የምታህል ቀይ እብጠት ወጥታለች፤ ጫፏ ቢጫ ነው። ሌሊት የወጣው አይናር ደርቆ ሽፋሽፍቷን አጣብቆታል።

«አባዬ፣ ዓይኔን ክፈትልኝ» አለችው።

ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። አባት ግን ደነገጠ። ያለችው አንዲት ልጅ ናት። እብጠቷን በጥፍሩ ሊያፈርጣት እጁን ሲሰድ ትርንጎ ጮኸች። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዝናሽ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ ገባች።

«ተው አያ እንዳላማው! አትጭመቀው፤ መግሉ ወደ ውስጥ ገብቶ የባሰ ያመጣል።»

ልጅቱን ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ግንባሯን ዳሰሰች፣ ጉንጯን አየች።

«ትኩሳት የላትም፤ እብጠቱም ወደ ፊቷ አልወረደም። የዓይን ብጉንጅ ነው። ንጹሕ ውሃ አፍላና ለብ ሲል ንጹሕ ጨርቅ ንከርበት፤ ዓይኗን ጨፍና አሥር ደቂቃ ያህል ያዝላት። በቀን አራት ጊዜ። አስቀድመህ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ኩልም ቅጠልም እንዳታስነካት። ትኩሳት ከመጣ፣ ፊቷ ካበጠ፣ ወይ ማየት ከደበዘዘባት ግን ዛሬ ነገ ሳትል ጤና ጣቢያ ውሰዳት» አለችና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች።

እንዳላማው ንጹሕ ጨርቅ ፈልጎ አወጣ። ጀሪካኑን ቢያነሳው ባዶ ነው። በጋ ነው፤ ወንዙም ከብት የሚረግጠው ኩሬ ብቻ ቀርቶታል። ትርንጎን አዝሎ መንደሩ ውሃ ወደሚቀዳበት ቧንቧ፣ ወደ ቦኖው ወረደ። ቦኖው ተቆልፏል።

«አባዬ፣ ዓይኔ መቼ ነው የሚከፈት?»

«ቆይ ልጄ። ዓይንሽ ጨርቅ ይጠብቃል፣ ጨርቁ ውሃ ይጠብቃል፣ ውሃው ቦኖ ይጠብቃል።»

የቦኖው ቁልፍ ያለው ወይዘሮ ያልጋነሽ ዘንድ ነው። ሄደው ሲያገኟት ላሟን ቀንዷን ይዛ ትታገላለች። ገመዷ ተበጥሶ፣ ከጎረቤት የሽንኩርት መደብ ገና አሁን ነው ያወጣቻት።

«እትዬ ያልጋነሽ፣ ስለዚህች ልጅ ብለሽ ቦኖውን ክፈችልኝ።»

«በምን እጄ? ይህችን ከለቀቅኳት ተመልሳ የሰው ሽንኩርት ትጨርሳለች።»

«ላሟን እኔ ልያዝልሽ።»

«ከኔ በቀር ሰው አታስጠጋም፤ ልጅ እንዳዘልክ ትወጋሃለች።»

«እንግዲያስ ቁልፉን ስጪኝ።»

«የውሃ ኮሚቴው ለማንም እንዳትሰጪ ብሎኛል።» ከዚያ ቀና ብላ ትርንጎን አየቻት። «ኤዲያ! ለዚህች ብጉንጅ ነው ይህ ሁሉ? በጥፍርህ ጫን በላት፣ ትፈርጣለች፣ ትገላገላለህ።»

እንዳላማው ጥፍሮቹን አየ። የልጁ ትኩስ ትንፋሽ ማጅራቱን ይነካዋል። አንዴ ጫን ቢል እውነትም ይገላገል ይሆናል። ግን ጠዋት የጮኸችው ጩኸት ከጆሮው አልወጣም፤ ጣቶቹን አጥፎ ጨበጠ።

«አባዬ፣ ዓይኔ መቼ ነው የሚከፈት?»

«ቆይ ልጄ። ዓይንሽ ጨርቅ ይጠብቃል፣ ጨርቁ ውሃ ይጠብቃል፣ ውሃው ቦኖ ይጠብቃል፣ ቦኖው እትዬ ያልጋነሽን ይጠብቃል፣ እትዬ ያልጋነሽ ላሟን ትጠብቃለች፣ ላሟ ገመድ ትጠብቃለች።»

ገመድ የሚገምዱት አባ ዘርጋው ናቸው። ቤታቸው ከዳገቱ በላይ ነው። እንዳላማው እያለከለከ ሲደርስ ሽማግሌው ከግራር ሥር፣ በቃጫ ክምር መካከል እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

«አባ፣ አንድ ገመድ ይስጡኝ።»

«ያለቀ የለኝም ልጄ። ቃጫው ይኸው ተዘጋጅቷል፤ ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ ቁጭ ብያለሁ። ገመድ ብቻውን የሚገምድ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ያንዱን መንገደኛ እጅ ብለምን ይቸኩላል፣ የሌላውን ብለምን ይቸኩላል።»

«አባዬ፣ ዓይኔ መቼ…» ብላ ጀመረችና ትርንጎ ራሷ ቀጠለችው። «ዓይኔ ጨርቅ ይጠብቃል፣ ጨርቁ ውሃ ይጠብቃል፣ ውሃው ቦኖ ይጠብቃል፣ ቦኖው እትዬ ያልጋነሽን ይጠብቃል፣ እትዬ ያልጋነሽ ላሟን ትጠብቃለች፣ ላሟ ገመድ ትጠብቃለች፣ ገመዱ አባ ዘርጋውን ይጠብቃል፣ አባ ዘርጋው ጫፍ የሚይዝ ሰው ይጠብቃሉ። ሰውየውስ ማንን ነው የሚጠብቀው?»

እንዳላማው ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲለምን ነው የቆየ። እሱን ሲጠብቅ ያደረ ሰው መኖሩን ግን አላሰበም ነበር።

«ማንንም አይጠብቅም» አላትና ከጀርባው አውርዶ ጥላው ላይ አስቀመጣት። ሄዶም ጫፉን ያዘ።

እሱ ጫፉን ያዘ፣ አባ ዘርጋው ገመዱን ገመዱ፣ ገመዱ ላሟን አሰረ፣ ላሟ እትዬ ያልጋነሽን ለቀቀች፣ እትዬ ያልጋነሽ ቦኖውን ከፈተች፣ ቦኖው ውሃውን ሰጠ፣ ውሃው ፈልቶ ለብ አለ፣ ለብ ያለው ውሃ ጨርቁን አራሰ።

ጨርቁ ግን ዓይኗ ላይ ወዲያው አላረፈም። እንዳላማው በቃጫ የቆሸሸ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ በሳሙና ታጠበ። የጨርቁን ሙቀት በክንዱ ቆዳ ለካ፤ አያቃጥልም። ልጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ዓይኗ ላይ አኖረላት፤ ሲቀዘቅዝ እየነከረ መልሶ አኖረላት። የደረቀው አይናር ራሰ፣ ሽፋሽፍቷ ተላቀቀ፣ ዓይኗም እንደ በር ስንጥቅ ቀስ ብላ ተከፈተች። ደህናውን ዓይኗን በመዳፉ ከለለና «ይህ ስንት ጣት ነው?» አላት።

«ሦስት!»

ያኔ እፎይ አለ። ብጉንጇ ግን እንዳለች ነበረች፤ በአንድ ቀን አትጠፋም። በማግሥቱም ጨርቁን በማለዳ፣ በቀትር፣ በአሥር ሰዓት፣ ማታ ያዘላት። ጨርቁን የሷ ብቻ አደረገው፤ በየቀኑም ቀቀለው። ትርንጎ አንዳንዴ ትነጫነጫለች፤ እሱም ያን የሚጠባበቁትን ሁሉ ሲቆጥርላት እሷ እየተቀበለች አሥሩ ደቂቃ ያልፋል። በአራተኛው ቀን ብጉንጇ ማንም ሳይነካት በራሷ ፈርጣ ፈሰሰች። በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎላት እጁን ታጠበ። በሳምንቱ የቀረው ቀላ ያለ ምልክት ብቻ ነበር።

በዚያን ቀን ጠዋት ትርንጎ ከእሱ ቀድማ ነቃች። እንዳላማው ሲነቃ ሁለቱንም ዓይኖቿን አፍጣ ፊቱ ላይ ተደፍታ አገኛት።

«አባዬ፣ ጢምህ እንዴት አድጓል! እማዬ ስትመጣ ማን ነው ይሄ ሰውዬ ትልሃለች።»

እሱም ሳቀ፤ እየሳቀም እንባው መጣ። «ይታይሻል?» አላት።

«የጢምህ ሽበት ሳይቀር።»

እኔ የሰማሁትን አድርሻለሁ፤ የልጆቻችሁን ዓይን ደህና ያድርግላችሁ።