እምቢ የሚል የሌለበት ሸንጎ

አንድ ጊዜ ሁለት ክረምት ዝናብ በከዳው ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳት ጭንቅ ውስጥ ወደቁ። ወንዛቸው ነጥፎ አሸዋው ብቻ ቀርቷል። በዚህ መሀል ከተራራው ማዶ ያለው ጫካ ንጉሥ አንበሳ እንዲህ ሲል ላከባቸው፦ «ወደ እኔ ኑ። ውሃ ሞልቷል፣ ሳር ሞልቷል። ከሁሉም በላይ እኔ አገር ሕግ አለ። ሸንጎ አለን፣ ዳኛ አለን፤ ብርቱ ደካማውን አይበላም።»

ሽማግሌው ከርከሮ እንስሳቱን ሰብስቦ «እውነት ከሆነ እንሂድ። ውሸት ከሆነ ግን በገዛ እግራችን ሄደን አንበሳ አፍ ውስጥ መግባታችን ነው። አይቶ የሚመጣ አንድ እንላክ» አለ።

ምርጫው በአህያ ላይ ወደቀ። አህያ ያላየችውን አትጨምርም፣ ያየችውን አትቀንስም።

«እኔ?» አለች። «አንበሳ ወዳለበት አገር አህያ ይላካል?»

«ለዚህ እኮ ነው አንቺን የመረጥነው» አላት ከርከሮ። «አንቺ በሰላም ከተመለስሽ ሌላው ምን ይሆናል?»

ይህ ቃል ምንም አላጽናናትም። ነገር ግን ምላሳቸው በጥም የደረቀ ሁለት ውርንጭሎቿን ስታይ አልቻለችም፤ ተነስታ መንገድ ገባች።

ጫካው ዳር ቀበሮ ጭራውን እያወዛወዘ ተቀበላት። «እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ! ይግቡ፣ ይግቡ። ሳሩን ይቅመሱ፣ ውሃውን ይጠጡ። ምን የሚደበቅ ነገር አለን?»

አህያ ጠጣች። ውሃው ጣፋጭ ነበር።

መጀመሪያ ቀበሮ ሸንጎውን አሳያት። በጎች፣ ሚዳቋዎች፣ ጦጣዎች፣ ጥንቸሎች፣ ሁሉም በየወገናቸው ወኪል ልከው በትልቁ ሾላ ሥር ተሰብስበዋል። ሐሜትም ወሬም ከአገር አገር የሚያደርሱ ሽመላዎችም በእንግድነት ተጋብዘው ቅርንጫፉ ላይ ተደርድረዋል። አንበሳ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ሆኖ «ያወጣሁትን አዋጅ የምትደግፉ?» አለ። እግር ሁሉ ወደ ላይ ተነሳ። «የምትቃወሙስ?» አለ።

ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። አንድ በግ ድንገት ሳል ያዘውና አፉን ሳር ውስጥ ቀብሮ አፈነው። ዓይኖቹ እንባ እስኪያቀርሩ ድረስ ታገለ፤ ግን አልሳለም። አህያ ያንን በግ አየችው።

«አዩልኝ እመቤቴ? አንድ ልብ ነን!» አላት ቀበሮ።

ቀጥሎ ችሎት ተሰየመ። ዳኛው አያ ጅቦ ነው። ግልገሏን ነብር የበላባት ፍየል ከሳሽ ሆና ቆመች፤ ነብሩም በተከሳሽ ቦታ ጥፍሩን እየላሰ ተቀመጠ። አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገና «ነብር ጥፋተኛ ነው! ይካስ!» ብሎ ጮኸ።

ፍየሏ ገና አፏን አልከፈተችም ነበር።

ቀበሮ ሮጦ በጆሮው «አያ ጅቦ! ገና ናት እኮ፣ አልተናገረችም!» አለው።

«እንዴ! መጀመሪያ እሷ ናት እንዴ?» አለ ጅቦ፤ ሁሉም ሰማው።

አህያ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዙሪያዋን ተመለከተች። ማንም አልሳቀም። በእነሱ ሸለቆ ቢሆን ጦጣ ከዛፍ እስክትወድቅ ትስቅ ነበር። እዚህ ግን ጦጣዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አህያን ከአንበሳው ጥርስ ይልቅ ያስፈራት ይህ ነበር።

ችሎቱ ሲበተን ቀበሮ ከሽመላዎቹ ጋር ሲያወራ ጠብቃ ወደ ፍየሏ ተጠጋች። «እቴ፣ ረተሽ የለም እንዴ? ምነው ትንቀጠቀጫለሽ?»

ፍየሏ ጉቶ ሥር ወደተኛችው የቀረቻት አንዲት ግልገሏ እያየች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሦስት ቀን ተለማምደነዋል። እንግዳ ሲመጣ እረታለሁ። እንግዳ ሲሄድ ነብሩ ይመጣል።»

«ለአንበሳ አቤት አትይም?»

«አንበሳውን ለማን አቤት ልበል?»

አህያ ወደ ጫካው ዳር ዞር አለች።  አሁኑኑ መውጣት አለባት፤ ግን ቀበሮ እርጥብ ጭቃ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጎ መጣ። ሸንጎው ሁሉ ተመልሶ ቆሟል፤ አንበሳም አለ።

«እመቤቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርታለች» አለ ቀበሮ። «‹ይህ አገር በሕግ ይተዳደራል፣ እኔም አይቻለሁ› ብለው ኮቴዎን እዚህ ላይ ያሳርፉልን። እኛው ለአገርዎ እናደርሰዋለን።»

አህያ ጭቃውን አየች። አንዲት ኮቴ ናት፤ አሳርፋ መሄድ ትችላለች። ነገር ግን ይህች ኮቴ ሸለቆው ሁሉ የሚያምናት ኮቴ ናት። 

«ጌቶቼ፣» አለች፣ «ያየሁትን በአፌ ለላኩኝ መናገር ነው የለመድኩት። ሕጋችሁ እንግዳን አስገድዶ ያስመሰክራል ወይ?»

አንበሳ አጉረመረመ። ቀበሮ የሚለውን ሲያሰላስል፣ አያ ጅቦ እውቀቱን ለማሳየት ብድግ አለ። «የለም! አንቀጽ ሰባት! ተገድዶ የተሰጠ ምስክርነት አይጸናም! ይህችን ትናንት ነው ያጠናኋት!»

ሽመላዎቹ አንገታቸውን አስረዘሙ። አንበሳ ጅቡን አንድ ጊዜ አየው፤ ጅቡ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ጆሮውን ጣለ። ከዚያ አንበሳ በግድ ፈገግ ብሎ «ዳኛችን እንዳለው ነው። እንግዳችን በሰላም ትሂድ» አለ።

ቀበሮ እስከ ጫካው ዳር ሸኛት። ከሽመላዎቹ ዓይን ሲርቁ «እመቤቴ» የሚለው ቀረ። «በጠባቧ መንገድ ሂጂ፣ ታቋርጥልሻለች» አላት። «አያ ጅቦም በዚያ በኩል መናፈስ ይወዳል። ዛሬ ምሳውን አልበላም።»

አህያ ጠባቧን መንገድ ትታ በእሾሁ መሀል ገባች። ገላዋ ተቧጨረ፤ አልቆመችም። ግማሽ ተራራ እንደወጣች ከኋላዋ ኮሽታ ሰማች። ስትቆም ይቆማል፣ ስትሄድ ይከተላል። መሮጥ አቃታት፤ «በቃ፣ ልጆቼ!» ብላ ዞረች።

ፍየሏ ነበረች፤ ከግልገሏ ጋር።

«አንቺ ስትሄጂ ቀኔ ያልቃል» አለች እያለከለከች። «ከዚያ የጠማው አገር ይሻለኛል።»

ሸለቆው ሲደርሱ ከርከሮ አላስተነፈሳትም። «ውሃ አለ?»

«አለ።»

«ሳርስ?»

«እሱም አለ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን!» አሉ ሚዳቋዎቹ።

አህያ ሳሉን ያፈነውን በግ፣ ያልሳቁትን ጦጣዎች፣ ቀድሞ የተፈረደውን ፍርድ አንድ በአንድ ነገረች። ፍየሏም የሆነባትን ተናገረች። ሚዳቋዎቹ ግን «ሸንጎ አለ፣ ዳኛ አለ ብለሻል፤ ሌላው የአንቺ ፍርሃት ነው። እኛ ፈጣኖች ነን፣ ማን ይደርስብናል?» ብለው በማግስቱ ሄዱ። ውሃ የጠማውን በምን ቃል ይመልሱታል? አህያ ተራራውን ሲወጡ ቆማ ቆጠረቻቸው፤ አሥራ አራት ነበሩ።

የቀሩት የወንዙን አሸዋ መቆፈር ጀመሩ። ከርከሮ በክራንቻው፣ አህያ በኮቴዋ። በስድስተኛው ቀን ጭቃ፣ በሰባተኛው አንድ ጉንጭ የምታህል ውሃ ወጣች፤ መጀመሪያ ሕፃናቱ ጠጡ።

ወር እንዳለፈ ከማዶ አንድ ቁራ መጥቶ ከግራሩ ላይ አረፈ። «ሚዳቋዎቹ ደህና ናቸው፣ ደስ ብሏቸዋል፣ እናንተም ኑ ብለዋል» አለ።

አህያ ከጉድጓዱ ቀና አለች። «ሲሄዱ አሥራ አራት ነበሩ። አሁን ስንት ናቸው?»

ቁራው መንቁሩን በክንፉ ጠረገ። «ደህና ናቸው ብያለሁ እኮ» አለና በረረ።

ከዚህ የምንማረው የአንድ አገር ሕግ የሚመዘነው በቃሉ ማማርና በሸንጎው መሙላት ሳይሆን፣ ደካማው በብርቱው ፊት «እምቢ» ብሎ በሰላም ቤቱ መግባት በመቻሉ መሆኑን ነው።