ለአመለወርቅ ልጅ የክርስትና እናት

በአንድ ወቅት፣ በሽተኛው ብዙ ሐኪሙ ጥቂት በነበረበት በአንድ የወይና ደጋ ከተማ ሆስፒታል፣ በእናቶች ክፍል የሚሠሩ ሦስት ነርሶች ነበሩ። ዝማም፣ አስካለና ትብለጥ ይባላሉ። ሦስቱም ጎበዞች ናቸው፤ ሦስቱም ደግሞ ልክ እኔ ነኝ ባዮች። ሴት ከወለደች በኋላ ለምን ሆድ ይብሳታል፣ ለምንስ ትረሳለች ብለው አብረው ጥናት ጀመሩ። አራስ ቤት ለአራስ ቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ። አስቀድመው ግን ለእያንዳንዷ እናት «የምትነግሪን ከእኛ አይወጣም» ብለው ቃል ይገባሉ። ሴቶቹም ይህን ቃል አምነው ልባቸውን ይከፍቱላቸዋል።

በዚያች ከተማ አመለወርቅ የምትባል ሴት የበኩር ልጇን ወለደች፤ ሴት ልጅ። አመለወርቅ እናቷን አታውቅም። ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ጌጤ ናት፤ ለምትወለደውም ልጅ የክርስትና እናት እንድትሆን ገና በእርግዝናው ተስማምተው ነበር። በዚያ አገር የክርስትና እናትነት እንዲያው ለስም አይደለም። እናት ብትሞት ልጅ የሚገባው እሷ ቤት ነው።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። አመለወርቅ ምጥ ላይ ሳለች ጌጤ በድንገት አረፈች። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ። አራስ መርዶ አትረዳም፣ ወተቷ ይደርቃል ተባለ። ጌጤ ተቀበረች፣ ተለቀሰላት፣ ድንኳኑም ፈረሰ። አመለወርቅ «እትዬስ የት ቀረች?» ስትል «ጠበል ገብታለች» ይሏታል።

ውሸቱን ሁሉም በአፉ ያዘው፤ ፊቱ ግን እምቢ አለው። ጠያቂው ዓይኑ አባብጦ ይገባል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ይስቃል፣ እሷ ዞር ስትል ከንፈር መምጠጥ ይጀምራል። አመለወርቅ ደግሞ እንቅልፍ አጥታለች። ልጇን አጥብታ ትረሳለች፤ ሻሿን አስራ ሻሼ የት ገባ ትላለች። አስባ አስባ አንድ ነገር ላይ ደረሰች። አብጃለሁ፣ ሁሉም አውቀውብኛል፣ እትዬም የቀረችው እብድ እህቷን ማየት ፈርታ ነው አለች። ይህች ሕፃን ከእብድ እናት ጋር ከምታድግ ያለ እናት ብታድግ ይሻላታል ብላም ቆረጠች። ከቤታቸው በታች ወንዝ ነበር።

ዝማም ለጥያቄዋ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። አመለወርቅ ለማንም ያልተነፈሰችውን ነገረቻት። «ቃልሽን አምኜ ነው፣ ሲስተር» አለቻት። ዝማም እጇን ጨብጣ አጽናናቻትና ከበሩ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ባልየው ወደ ደምሰው ሄደች። «ሚስትህን ለአፍታ ብቻዋን እንዳትተዋት። ወንዙን እያሰበች ነው» አለችው። ደምሰው ሥራውን ጥሎ ደጃፉ ላይ ተኛ። ጎህ ሲቀድ አመለወርቅ ነጠላዋን ተከናንባ ስትወጣ እሱን አገኘች፤ መለሳት። ወሬው ግን ከደምሰው ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ መንደሩ ዞረ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ አራሶች ነርስ ሲያዩ «ደህና ነኝ» ብቻ የሚሉ ሆኑ። ስንቷ ሕመሟን ዋጥ አድርጋ እንደቀረች ማን ያውቃል? አመለወርቅም በዝማም ክፉኛ አዘነችባት።

አስካለ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ጌጤ እዚያው ሆስፒታል ስታርፍ ተረኛዋ ነርስ እሷ ነበረችና እውነቱን ታውቃለች። «ይህችን ሴት ያሳመማት ውሸታችሁ ነው» አለቻቸው ቤተሰቡን። ሽማግሌ አልጠበቀች፣ ዘመድ አላማከረች። ገባች፣ ሕፃኗን ተቀብላ ለደምሰው ሰጠች፣ ከአመለወርቅ አጠገብ ተቀመጠች።

«አመልዬ፣ እትዬ ጌጤ አርፋለች። አንቺ ስታምጪ ነው። ደብቀውሽ ነው።»

አመለወርቅ ጮኸች፤ ሰውነቷ እስኪዝል ጮኸች። ቆይታ ቀና አለችና «እንግዲያው አላበድኩም?» አለቻት።

«አላበድሽም።»

ያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳት። ቤተሰቡ የፈራውም ግን አልቀረም። ወተቷ ነጠፈ፣ ልጅቷ ከሳች። አማቷ እማማ ዘነቡ አስካለን ከደጃቸው አባረሯት። «መርዶ እንደ መርፌ ወግተውት የሚሄዱት ነገር ነው እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን አይደለም ትላላችሁ?

አመለወርቅ እውነቱን አወቀች እንጂ ሐዘኑ አልወጣላትም። ማን ቀበራት፣ ምን ተባለላት እያለች ግድግዳ ላይ ታፈጣለች። መርሳቱም አልለቀቃትም። ይህን ያየች ትብለጥ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄዳ «ድንኳኑን እንደገና ትከሉልኝ» አለች።

«ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስም፣ ልጄ» አሏት።

«እሷ መቼ አለቀሰች፣ አባቴ?»

ዳኛው ድንኳኑን አስተከሉ። እማማ ዘነቡ አራስ ከቤት አትወጣም፣ ብርድ ይመታታል ብለው ተሟገቱ። ትብለጥ እናትና ልጅን በጋቢ ጠቅልላ ወሰደቻቸው። ጎረቤቱ አመለወርቅን በለቅሶ ተቀበላት። እሷም ደረቷን እየደቃች የእህቷን ሥራ አንድ በአንድ እያነሳች አለቀሰች። ቤቷ ስትመለስ «ራበኝ» አለች። ወተቷ ተመለሰ፣ ልቦናዋም ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ሕፃኗን ግን የድንኳኑ ብርድ ሳንባ ምች ለቀቀባት። ሆስፒታል ተኝታ ለጥቂት ነው የተረፈችው።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። አመለወርቅ ድናለች፤ እንደ ድሮዋ ቀጥ ብላ ልጇን አቅፋ ቤተ ክርስቲያን ቆመች። ሦስቱም ነርሶች መጥተዋል፣ ሦስቱም የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ ይላሉ።

«እኔ ባልናገር ዛሬ በሕይወት የለሽም» አለች ዝማም።

«በሕይወት ብትተርፊም እብድ ነኝ እያልሽ ልትኖሪ ነበር። ከራስሽ ጋር ያስታረቅኩሽ እኔ ነኝ» አለች አስካለ።

«እነሱ አንቺን አተረፉ። ለልጅቷ እናቷን የመለስኩላት እኔ ነኝ» አለች ትብለጥ።

አመለወርቅ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው። አንዷ ምስጢሯን አውጥታባታለች። አንዷ ልቧን በአንድ ቃል ሰብራዋለች። አንዷ ልጇን ለሞት አጋልጣባታለች። ከሦስቱ አንዷ ባትኖር ግን እዚህ አትቆምም ነበር፤ ይህንንም አሳምራ ታውቃለች።

ቄሱ «የክርስትና እናት ትቅረብ» አሉ።

ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ። ምስጋና ቢሆን ለሦስት ይካፈል ነበር፤ የክርስትና እናት ግን አንድ ናት። እሷን እህቷ እንዳሳደገቻት፣ ነገ እሷ ብትሞት ይህችን ልጅ የምታሳድገው አንዷ ናት። እስቲ እናንተ በእሷ ቦታ ቁሙ፤ ልጃችሁን ለማን ትሰጣላችሁ?