ከየቤቱ የሚወጣ ጭስ

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ባለጸጋው በሚኖርበት አገር እህሉ ሊያሸት ሲል በረዶ ወረደበት። ያለፈው ዓመት እህል በብዛት የቀረው በእሱ ጎተራ ብቻ ነው።

ትርሲት፣ «ጥናቴን በቁጥር ልሥራው ወይስ ሰው እያነጋገርኩ?» ያልሽኝን አልረሳሁም። መልሱ እዚሁ ውስጥ ነውና ታገሺኝ።

ባለጸጋው ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ጎተራው ውስጥ ያለው ለመጪው ዓመት ዘርም ነው፤ ያለ ምክንያት ከተበላ አገሩ በሙሉ ዘር አልባ ይቀራል። ካልተከፈተ ደግሞ የተራበ ይሞታል። ስለዚህ ሁለት አሽከሮቹን ጠርቶ፣ «ሂዱና ሰው ተርቦ እንደሆነ እዩልኝ» አላቸው።

አንደኛው መቁጠር ይወዳል። ማለዳ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ተመለከተ። ጭስ ካለ ይበስላል፣ ከበሰለ ይበላል ብሎ አሰበ። ቤቱን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ጭስ የማይወጣበት አንድም አልነበረም። እንዳይሳሳት በማግሥቱም በሠልስቱም ወጥቶ ቆጠረ። ያው ነው። «ጌታዬ፣ አገር ሰላም ነው» ብሎ ተመለሰ።

ሁለተኛው መቁጠር አይሆንለትም፤ ጨዋታ ይወዳል። ወንዝ ዳር ባለው መንደር ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ቤት ደረሰ። «ቤት ለእንግዳ» አለችው፤ ገብቶ ተቀመጠ። እሳቱ ይነዳል፣ ድስቱ ይፍለቀለቃል። ትንሹ ልጇ ዓይኑን ከድስቱ አይነቅልም። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ድስቱ ግን አልወረደም።

«እታለም፣ ይህ ወጥ መቼ ነው የሚደርሰው?» ቢላት ሳቀችና፣

«ሆድህ ነው እንዴ የላከህ?» አለችው።

ሳቋ አልቆየም። ክዳኑን አነሣችለት። ውሃ ብቻ ነው።

«ምን ላድርግ ወንድምዓለም፤ እሳት ካልነደደ ጎረቤት ጦማቸውን አደሩ ይለናል። ራብ ያልፋል፣ ስም አያልፍም» አለችው።

ሰውየው ጥግ ያለውን ወፍጮ አየ። የልጁ እጀ ጠባብ ታጥቦ ተሰጥቶበታል።

እየሮጠ ተመለሰና፣ «ጌታዬ፣ አገሩ አለቀ! ጎተራውን ይክፈቱ!» አለ።

«ስንት ቤት ገባህ?»

«አንድ።»

ቆጣሪው ከት ብሎ ሳቀ። «በአንድ ድስት አገር ይፈረዳል?»

ባለጸጋው አመነታ። ቁጥሩ ሚዛን ደፋበትና ጎተራውን እንደዘጋ ቆየ። በሳምንቱ የሴትዮዋ ልጅ ሞተ።

ሁለቱም አሽከሮች ለቅሶ ሄዱ። ለቅሶ ቤት ጎረቤት እህል ውሃ ይዞ እንደሚመጣ አንቺም ታውቂያለሽ። የወንዝ ዳር ጎረቤቶች ግን ባዶ እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው መጡ። ቆጣሪው ይህን አየ። ከዚያም ቀና ብሎ ጎጆዋን አያት፤ ዛሬም ጭስ ይወጣባታል።

«ይቺን ቤት ቆጥሬያታለሁ» አለ። «ሦስቱንም ቀን። ቆጠራዬም አልተሳሳተም።»

ያን ጊዜ ሁለተኛው እጁን ያዘው። «ና፣ አብረን እንቁጠር። ጭሱን ተወው፤ ባዶ ድስት ይፈላል፣ ባዶ ወፍጮ ግን አይፈጭም።»

ወገግ ሲል፣ ሴቶች በሚፈጩበት ሰዓት፣ ከደጅ ወደ ደጅ እየሄዱ አዳመጡ። በረዶው ባልነካው በላይኛው መንደር ወፍጮው ይጮኻል። ወንዝ ዳር ግን ከጥቂት ቤት በቀር ዝም ብሏል። አንዱ ማንም አልተራበም ብሎ ነበር፣ ሌላው ሁሉም አለቀ ብሎ ነበር፤ ለካ ሁለቱም ስተዋል። ባለጸጋው ጎተራውን ከፈተ። ወፍጮው ዝም ላለበት ቤት ሁሉ ሰፈረለት፤ ለዘርም ተረፈ።

መጀመሪያ የተሰፈረላት ያቺ ሴት ናት። እህሉን ተቀብላ ገባች፤ ወፍጮው ላይ ያለውን እጀ ጠባብ ማንሣት ግን አቃታት።

እንግዲህ ትርሲት፣ ወደ አንቺ ልመለስ። ቆጣሪው፣ መጻሕፍቱ መጠናዊ የሚሉት ዘዴ ነው፤ ነገሩ ምን ያህል እንደሰፋ ያሳይሻል። ድስቱ አጠገብ የተቀመጠው ዓይነታዊው ነው፤ ለምን እንደሆነ ይነግርሻል። ማለዳ አብረው የወጡ ጊዜ ቅይጥ ዘዴ ሆኑ። ሁልጊዜ አጣምሪ ማለቴ አይደለም እኮ! ስንት ወንበር ጎደለ ለሚል ጥያቄ መቁጠር ይበቃል። አንዲት እናት ሐዘኗን እንዴት ቻለችው ለሚል ደግሞ ቁጭ ብሎ መስማት ነው።

የአንቺ ጥያቄ ግን የስድስተኛ ክፍል ልጆች ለምን ይወድቃሉ ነው። ርእሰ መምህሩም «ሁሉም በየቀኑ ይገኛሉ፣ ችግር የለም» ብለውሻል። መገኘታቸው ጭሱ እንዳይሆን እፈራለሁ። መጀመሪያ ከአንዷ ልጅ ቤት ግቢና ተቀመጪ። ምን እንደሚቆጠር ሲገባሽ ያን ጊዜ ቁጠሪ። ብቻ አትዘግዪ፤ ሁለቱ ሰዎች ሲከራከሩ የባከነችው ሳምንት የማን እንደነበረች አትርሺ።