ሁለት አያቶች በአንድ ደጃፍ

፦ ተረት ተረት።
፦ ጆሯችን ክፍት።
፦ ጠጋ በሉ እንግዲህ፣ እንደ ድሮ መጮኽ አልችልም። አንተም እግርህን ሰብስብ።

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ አየርላንድ በምትባል ደሴት ድንቹ መሬት ውስጥ በሰበሰና ረሃብ ገባ። ሰዉም በመርከብ ተጭኖ ካናዳ ወረደ። ከዚያም ጫካ መነጠረና በአንድ ወንዝ ዳር ቤት ሠራ። ካቶሊኮቹ ከወንዙ ወዲህ፣ ፕሮቴስታንቶቹ ከወንዙ ወዲያ። ድስቱን ረስቶ የመጣ እንኳ ጠቡን አልረሳም።

ሮዚን የካቶሊኩ የኮርማክ ልጅ ነበረች። ናታን የፕሮቴስታንቷ የአግነስ ልጅ ነበረ። እሱ ግንድ በወንዙ ሲያንሳፍፍ፣ እሷ ልብስ ስታጥብ ተያዩና ተዋደዱ። አባቷ አይሆንም አለ። እናቱም አይሆንም አለች። ሁለቱ በዚህ ብቻ ተስማሙ። ልጆቹ ግን ወንዙ መሐል ካለች ጉብታ ላይ ጎጆ ቀለሱና ገቡ።

ከዚያም ሮዚን አረገዘች። ሽማግሌዎቹም ካገራቸው ያመጡትን ደንብ አነሡ። ወንድ ከተወለደ ወደ አባቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ሴት ከተወለደች ወደ እናቷ።

ኮርማክ፦ ወንድ ከሆነ የልጅ ልጅ የለኝም፣ ደጃቸውንም አልረግጥም አለ።

አግነስ፦ ሴት ከሆነች እኔም እንደዚያው አለች።

አዋላጅ ቢጠሩ ወሬው ወዲያው ወንዙን ይሻገራል። ስለዚህ ናታን ብቻውን አዋለዳት። ከበግ በቀር አዋልዶ አያውቅም።

ሲነጋ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ተገናኙ። ኮርማክ የክርስትና ቀሚስ ይዟል። አግነስም ይዛለች።

፦ አንቺ አሮጊት፣ ማን ጠራሽ?
፦ አንተን የጠራህን አሳየኝና እመለሳለሁ።

ሮዚን የተጠቀለለውን ሕፃን ታቅፋ፣ መቃኑን ተደግፋ ብቅ አለች።

፦ ልጄ፣ ምን ተገላገልሽ? አላት አባቷ።
፦ ሰው።
፦ ሰው መሆኑንማ ከለቅሶው ሰምተናል። ወንድ ነው ሴት?
፦ አባባ፣ ሳትጠይቀኝ ትታቀፋለህ?

ኮርማክ አንገቱን አሰገገ። ዓይኑ ጨርቁን ሊቀደው ደረሰ።

፦ እማማ አግነስ፣ እርስዎስ?
፦ ጨርቁን ግለጪውና እነግርሻለሁ።

ናታን ከውስጥ፦ እማዬ፣ የበግ ገበያ አደረጋችሁት እንዴ? አለ።

ሮዚንም እንዲህ አለች፦ ባገራችን ልጅ ወንዱም ሴቱም እስከ ሰባት ዓመቱ ቀሚስ ይለብሳል። ይህም ይለብሳል። ሰባት ዓመት ሙሉ ለእናንተም፣ ለቄሱም፣ ለፓስተሩም አንናገርም። ሳትጠይቁ የምትወዱ ከሆነ አሁኑኑ ግቡ። መርጣችሁ የምትወዱ ከሆነ እዚያው ቁሙ።

፦ ደንቡስ? አለች አግነስ።
፦ ደንቡን ይዘውት ይመለሱ።

ሕፃኑ አነጠሰ። ኮርማክ አንድ እግሩን ወደ ደፉ አነሣ። አግነስ አየችው። ኮርማክም እንዳየችው አየና እግሩን መለሰ።

ሮዚን ትንሽ ጠበቀች። ከዚያም በሩን ዘጋችው።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። በሉ፣ ከእራታችሁ አጉርሱኝ።