ስለ እማማ በቅሎ የተጠራው ጉባኤ

ተረቴ መጣ፤ ቦታ ልቀቁለት።

በአንድ አገር እንስሳቱ ከመካከላቸው ያረጀ ሲኖር ዋርካ ስር ተቀምጠው ስለ አጧጧሩ ይመክሩ ነበር። ተራው የእማማ በቅሎ ሆነና ጉልበቷን እያመማት ከዳር ቆማ ታዳምጥ ጀመር።

ሆዳሙ በሬ፣ «ከሁሉ በፊት ድርቆሽ ይከመርላቸው» አለ።

«ጅብ ከበላቸው ድርቆሹን ማን ሊበላው ነው? አጥር ይቅደም» አለ ተጠራጣሪው ውሻ።

እንቅልፋሟ ድመት ደግሞ፣ «ለስላሳ መኝታ ነው እንጂ» አለች።

ክርክሩ ሳምንት ሙሉ ቆይቶም አላለቀም። እስኪወሰን ድረስ «እማማ እንዳይደክሙ» ብለው በቅሎን ወንዝ መውረድ ከለከሏትና ውሃዋን ካለችበት አመጡላት። እግሯ እንደ ግንድ ደረቀ። ከእንግዲህ ከተኛች እንደማትነሳ ገባት።

በስምንተኛው ቀን ኤሊ በዚያ ስታልፍ፣ «እማማ፣ ምን ላምጣልዎት?» አለቻት።

«ምንም አልፈልግ ልጄ። ወንዝ ብወርድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የሚወርደው ሁሉ ይሮጣል።»

«እኔ እንኳ ሮጬ አላውቅም» አለች ኤሊ።

ጠዋት ተነስተው ቀትር ላይ ደረሱ። በቅሎ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ጠጣች። በማግስቱም ወረዱ፤ በሦስተኛው ቀን እግሯ ይታዘዛት ጀመር።

ሲመለሱ በዋርካው በኩል አለፉ። በሬው ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ኮቴ አታሰሙ» አለ፤ «ስለ እማማ በቅሎ እየመከርን ነው።»