የይርዳው ግንብ የማን ነው?

ጭራቅ ግንብ ውስጥ፣ ሰው ሜዳ ላይ ያድር በነበረበት በዚያ በሩቅ ዘመን፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ሦስት ማማ ያለው ግንብ ነበር። የሠራው ግንበኛው ይርዳው ነው። ከይርዳው ልጁ ትብለጥ ወረሰችው፤ ከትብለጥ ደግሞ ልጇ ቢሰውር። ይርዳው የመጨረሻውን ድንጋይ ሲያስቀምጥ ግንቡን፣ "ስለ ባለቤትህ ሲዋሽ ብትሰማ እንዳትቆም" ብሎት ነበር።

አንድ ቀን ጭራቅ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ጥሎ ሸሸ። ጭራቁ ቢሰውርን ሦስተኛው ማማ ውስጥ ቆለፈበትና፣ "ስትወፍር እበላሃለሁ" አለው። የቢሰውርን ልጅ ደብሪቱን ግን ቀጭን ናት ብሎ አባረራት።

ደብሪቱ አልራቀችም። በማግስቱ ደጃፉ ላይ ጠብቃ የነጠላዋን ጫፍ ከጭራቁ ደበሎ ጋር ቋጠረች።

"ምን እያደረግሽ ነው፣ አንቺ ጭራሮ?"

"ተቆራኘን። ግንቡ የአባቴ ነው፤ ዳኛ ሳይፈርድ ቋጠሮው አይፈታም። የተቆራኘውን ባላጋራ የነካ ደግሞ ተረታ።"

ጭራቁ ሳቀ። ግን ባለርስት መባል አምሮት ነበርና እሺ አለ። በዚያ አገር መንገደኛ ሁሉ ዳኛ ይሆናል። አሞሌ የጫኑ አህዮች እየነዳ የሚያልፈውን ጋሼ ሽበሺን አስቆሙት።

"ቸኩዬ ነበር" አለ ሽበሺ፣ የጭራቁን ጥርስ እያየ። "ከተጠየቅሁ ግን እቀመጣለሁ። ራቅ ብዬ።"

ደብሪቱ ጠየቀች፦ "ጭራቅ ሆይ፣ ግንቡን በምን አገኘኸው?"

"እኔ ሠራሁት።"

ግንቡ ሰማ። ግምምም አለና የመጀመሪያው ማማ ተናደ።

"ነፋስ ነው" አለ ጭራቁ።

"ጭራቅ ሆይ፣ ግንቡን በምን አገኘኸው?"

"ከትብለጥ ገዛሁት።"

ግንቡ ሰማ። ግምምም አለና ሁለተኛው ማማ ተናደ።

"ዛሬስ ነፋሱ በርትቷል።"

አንድ ማማ ቀረ። አባቷ እዚያ ውስጥ ነው። ደብሪቱ ሦስተኛውን ጥያቄ ዋጥ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ምስክር አለኝ። ቢሰውር ይቅረብልኝ።"

"ይቅረብ" አለ ሽበሺ።

ጭራቁ ገባ፤ ደብሪቱም ተቋጥራ አብራው ገባች። ደረጃው ድቅድቅ ጨለማ ነው። የጭራቁ ትንፋሽ ማጅራቷን ያሞቀዋል።

"ሙግቱ ሲያልቅ ማን ያድንሻል?"

"መጀመሪያ ሙግቱ ይለቅ" አለችው።

በሩ ተከፈተ። የአባቷን እጅ ይዛ ወደ ብርሃን አወጣችው። ያን ጊዜ ጠየቀች፦

"ጭራቅ ሆይ፣ ግንቡን በምን አገኘኸው?"

ጭራቁ አሰበ፣ አሰበ። "ወረስኩት። ቢሰውር አባቴ ነው።"

ግንቡ ሰማ። ማማው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

"አባትህ ይኸው ቆሟል" አለ ሽበሺ። "በቁሙ ያለ አባት እንዴት ይወረሳል? ደግሞ አባቱን ሊበላ የሚያወፍር ልጅ የት አየህ? ተረትተሃል። ቋጠሮው ይፈታ።"

ቋጠሮው ሲፈታ ጭራቁ ደብሪቱን አየ፤ ግንቡን አየ። ግንቡ በለጠበት። ሮጦ ማማው ውስጥ ገባና በሩን ቀርቅሮ፣ "የእኔ ነው፣ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው" አለ።

ግንቡ ሰማ። ግምምም አለና በላዩ ላይ ተናደበት።

አቧራው ሲጠራ ጭራቅም የለም፣ ግንብም የለም።

"ቤታችን ጠፋ" አለች ደብሪቱ።

"ድንጋዩ አለ" አለ ቢሰውር።

ሜዳ ላይ ያድሩ የነበሩት ጎረቤቶች መጡ። ከድንጋዩ ለአባትና ለልጅ ቤት ሠሩላቸው፤ የተረፈውን ቢሰውር ለየቤታቸው አካፈላቸው። ዛሬ ኮረብታው ላይ ገብስ ይዘራል። የይርዳው ግንብ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ፣ ከታች ያሉት ቤቶች ሁሉ በራቸውን ከፍተው "ግባ" ይሉታል።

እኔ የሰማሁትን አደረስኩ፤ እናንተም ለታናናሾቻችሁ አድርሱ።